ቀለባቸውን ማን ቻለ?

(«ሰባቱ ሳሙራይ» በተባለው የጃፓን ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ)

አንዱን ፊልም ሁለት ቦታ አየሁት ብል አንባቢ «ይኸ ሰው ምን ነካው?» እንዳይለኝ እፈራለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። መጀመሪያ ያየሁት በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ዘጠኝ ሆነን በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ዙሪያ ተጠጋግተን ነው። ሁለተኛው ግን ያለ መብራትና ያለ ኮምፒውተር፣ ዳባት አጠገብ ካለው የአያቴ አውድማ ላይ፣ በሬ እየነዳሁ ታሪኩን በቃሌ ስተርከው ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳሳየኝ ለመናገር ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ።

ፊልሙ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ያቀረበው «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ፣ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ። ይህን ያህል ጊዜ ማን ይቀመጥለታል ብለን ነበር፤ ሆኖም ከእኛ መካከል አንድም ሰው አልተነሣም።

በመኝታ ክፍላችን የሆነው እንዲህ ነው። ክዩዞ የሚባለው ዝምተኛ ሰይፈኛ በሌሊት ብቻውን ወደ ሽፍቶቹ ሄዶ ጎሕ ሲቀድ የማረከውን ጠመንጃ ይዞ ሲመለስ፣ አንዱ ጓደኛችን አልጋውን እየደበደበ ፎከረ። «ጀግና ማለት ይኸ ነው!» አለ። ሌላው ደግሞ ተቆጣ፤ «ይኸ እኮ የፊውዳል ጦረኛ ማሞገሻ ነው፤ ምን ያስጨበጭባችኋል?» አለ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራከርን። እኔ ከፎካሪው ጋር ነበርኩ፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም።

በታኅሣሥ ወደ ቤት ስሄድ የገብስ ውቂያ ደርሶ ነበር። ለአያቴ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁላቸው፤ ሰባቱን ተዋጊዎች አንድ በአንድ ስቆጥር፣ የእያንዳንዱን ሙያ ሳደንቅ፣ መንሻቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ቀለባቸውን ማን ቻለ?»

ሣቅሁ። ስለ ሰይፍ ስነግራቸው ስለ እንጀራ ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሣቄ ጠፋ። ለካ ፊልሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው! ዘጠኝ ተማሪ ተሰብስቦ ያላየውን ነገር አንድ ገበሬ ፊልሙን ሳያዩ አዩት።

እስቲ ነገሩን ከእህሉ እንጀምር። ዘመኑ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጃፓን በመሳፍንት ጦርነት የታመሰችበት ነው። በፈረስ የተቀመጡ ሽፍቶች ከአንድ መንደር በላይ ካለ ኮረብታ ቆመው ይመክራሉ። «ባለፈው ሩዛቸውን ወስደናል፤ አሁን ብንወርድ የምናገኘው የለም፤ ገብሱ ሲደርስ እንመለስ» ይባባላሉ። እንጨት የተሸከመ ገበሬ ይህን ይሰማል። ከዚህ በኋላ የፊልሙ ሰዓት ቆጣሪ ገብሱ ነው። ማሳው አረንጓዴ ሲሆን ጊዜ አለ፤ ቢጫ ሲሆን ጊዜው አለቀ። በወገራና በስሜን አፋፍ ላደገ ሰው ይህ የዲሬክተር ብልሃት አይመስለውም። እኛ ዘንድ ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ጠላው ከእርሱ ነው። ገብስ ሲያሸት ልብ የሚፈራውም ለዚህ ነው፤ በረዶም፣ ዝንጀሮም፣ ባለ መሣሪያም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

በውሃ ወፍጮ ቤት የሚኖሩት የመንደሩ ሽማግሌ ምክር ይሰጣሉ፦ የተራበ ሳሙራይ ፈልጉ። ደመወዝ የለንምና በሆዱ የሚቀጠር ይፈለግ ማለታቸው ነው። ገበሬዎቹ ከተማ ወርደው ለተዋጊዎቹ ሩዝ ያበላሉ፤ ራሳቸው ግን እንደ ዳጉሳ ያለ ደቃቅ እህል ይበላሉ። አንድ ሌሊት ሩዙ ይሰረቅባቸዋል። ከገበሬዎቹ አንዱ ወለሉ ላይ የቀረውን ፍሬ አንድ በአንድ ሲለቅም ካሜራው ቁልቁል ያየዋል። የጦሩ መሪ የሚሆነው ካምቤይ የቀረበለት ሩዝ ከማን አፍ እንደ ተነጠቀ ሲነገረው ሣህኑን ተቀብሎ፣ ይህ ምግብ በከንቱ እንደማይቀር ቃል ይገባል። ውሉ የተፈረመው በዚያች ሣህን ላይ ነው። የሰይፉ ትርኢት ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። ፎካሪው ጓደኛችን ዕዳውን ሲከፈል አየ እንጂ ሲበደሩ አላየም።

አሁን ወደ ቁስሉ እንግባ። ሰባቱ መንደሩ ሲደርሱ ማንም አልተቀበላቸውም፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ማንዞ የሚባል አባት የሴት ልጁን ጠጉር ሸልቶ ወንድ አስመስሏታል። ከማን ሊደብቃት? ከሽፍቶቹ ብቻ አይደለም፤ ሊያድኑት ከመጡትም ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በየቤቱ ተደብቆ የኖረ የጦር ልብስና መሣሪያ ይወጣል። ገበሬዎቹ በሽሽት ላይ ያሉ የተሸነፉ ሳሙራዮችን እየገደሉ የገፈፉት ነው። ሳሙራዮቹ ይህን ሲያውቁ ፊታቸው ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ነው ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው ኪኩቺዮ ብድግ ብሎ የሚጮኸው። ገበሬ ቅን መስሏችሁ ነበርን? ይላቸዋል። ገበሬ ንፉግ ነው፣ ሐሰተኛ ነው፣ እህሉን ከመሬት በታች ይቀብራል፣ የለኝም እያለ ያለቅሳል። ግን እንዲህ ያደረገው ማነው? እናንተ ናችሁ! መንደሩን የምታቃጥሉ፣ እህሉን የምትበሉ፣ ሴቱን የምትደፍሩ እናንተ! ይህን ሲሰማ ካምቤይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ይህን ቃል ያስነገረው ኩሮሳዋ ራሱ ከሳሙራይ ዘር የሚወለድ ሰው ነው። ጊዜውንም ልብ እንበል። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ እስከ 1952 በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች፤ የሰይፍ ፊልምም በሳንሱር ተከልክሎ ነበር። ፊልሙ በ1954 በሚያዝያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ጃፓን አዲስ የመከላከያ ኃይል አቋቋመች። «የሚጠብቀን ባለ መሣሪያ ያስፈልገናል ወይስ ከእርሱስ ማን ይጠብቀናል?» የሚለው ጥያቄ ለተመልካቹ የጥንት ተረት አልነበረም።

ለእኛስ? በአያቴ አፍ የወጣው ቃል ከየት መጣ? «ተሰሪ» የሚለውን ቃል የስሜንና የወገራ ሽማግሌ ያውቀዋል። ወታደር ከገበሬ ቤት ይመራል፤ ባለቤቱ የበላውን ሳይሆን ያልበላውን ያቀርባል፤ ሚስት ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፤ ፈረሱም ገብስ ይፈልጋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ ላይ መኖሩን የሀገር ጥፋት አድርጎ ነቅፎታል። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ፣ በ1855 ካሣ ኃይሉ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ እዚያው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የሰይፉን ነገር ሁላችንም እናውቃለን፤ አዝማሪውም፣ መምህሩም፣ ቴያትሩም ነግረውናል። ሁለቱ ሠራዊት በዚያ ሰሞን የበሉትን እህል ያረሰው ማን እንደ ሆነ ግን የነገረን የለም። ቴዎድሮስ ራሳቸው ችግሩ ገብቷቸው ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖር፣ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ሞክረው ነበር። አልሆነም። በ1866 ጎንደርን የዘረፈውና ያቃጠለው የእርሳቸው ሠራዊት ነው። ያን ያህል ኃይል የነበራቸውን ንጉሥ እንኳ የቀለብ ጥያቄ አሸነፋቸው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከዳባት አቅራቢያ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገደሉ። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሆኖ «ሰባቱ ሳሙራይ»ን የሚያይ ሰው ስለ ሩቅ አገር ጀግና ብቻ እያየ ነው ብሎ የሚያስብ ኀያሲ ካለ፣ እባካችሁ ወደዚህ ይምጣና ከእኛ ጋር ይቀመጥ።

ጃፓንን የተመለከትን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ገብረ ሕይወት ጃፓንን አርአያ አድርጎ አሳይቷል። የ1931ኛው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ በጀርባው የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ነበረ። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። እነዚያ ምሁራን ያዩት ባቡሩን፣ ፋብሪካውን፣ መርከቡን ነበር፤ አንድ የእስያ አገር እንዴት አውሮፓን እንደ ተቋቋመ ነበር። በዘመናቸው ይህን መጠየቃቸው ትክክል ነበር፤ ፋሺስት በደጅ ነበርና። ያ ሁሉ መርከብና መድፍ በ1945 ከወደቀ በኋላ የጃፓን ዲሬክተሮች ወደ ኋላ ዞረው የጠየቁት ግን ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ ማን ተሸከመው?

ይህን የጠየቀ ኩሮሳዋ ብቻ እንዳይመስለን። ኬንጂ ሚዞጉቺ በ1953 «ኡጌትሱ»ን ሠራ። ቶቤይ የሚባል ምስኪን የመንደር ሰው ሳሙራይ መሆን ያምረዋል። ከሸክላ ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ከሚስቱ አምልጦ ጥሩርና ጦር ይገዛል፤ ያልገደለውን የጦር አለቃ ራስ ይዞ ሄዶ ይሾማል፤ በፈረስ፣ አጃቢ አስከትሎ፣ እየተጎማለለ ወደ አንድ ሴተኛ አዳሪ ቤት ሲገባ ሚስቱን እዚያ ያገኛታል። እርሱ ጀግና ሊሆን ሲሮጥ እርሷን ወታደሮች ደፍረዋት ነበር። የጎረቤቱ የሸክላ ሠሪው ሚስት ደግሞ ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ የተራቡ ወታደሮች የያዘችውን ምግብ ነጥቀው በጦር ይወጓታል። ሚዞጉቺ ይህን ሲያሳይ ካሜራውን አይቆራርጥም፣ ወደ ፊቷም አይጠጋም። ከሩቅ ሆኖ ይመለከታል። እርሷ እየወደቀች ሳለ ወታደሮቹ የነጠቁትን ሲበሉ በአንዱ ስዕል ውስጥ ይታያል። ለቅሶ የሚያስለቅስ ሙዚቃ ቢጨምርበት ይህን ያህል ባልቆረጠን ነበር።

ያሱጂሮ ኦዙ ደግሞ ሰይፍ የሚባል ነገር አያሳይም። የ1953ቱ «የቶኪዮ ታሪክ» ሁለት ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወደ ቶኪዮ የሚሄዱበት ፊልም ነው፤ ከደባርቅ አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ልጅ ቤት ደርሰው ሁለት ሳምንት የማይሞላቸውን ወላጆቻችንን ያዩ ሁሉ የሚያውቁት ታሪክ ነው። ካሜራው ወለል ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ ያያል። እዚህም ነገሩ ከቀለብ አይወጣም። የራሳቸው ልጅ ባሏ ለእንግዶቹ የገዛው ኬክ ውድ ነው ብላ ትነጫነጫለች፤ በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ግን ከጎረቤት መጠጥ ተበድራ ታስተናግዳቸዋለች። ኦዙ ማንንም አይሰድብም፤ ማን ምን እንዳቀረበ ብቻ ያሳየናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጎንደር በ1946 የተወለደው ኃይሌ ገሪማ፣ በ1974 አብዮቱ በሚቀጣጠልበት ወቅት መጥቶ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት»ን አነሣ፤ ፊልሙ በ1976 ወጣ። እንደ ኩሮሳዋ ብዙ ካሜራ፣ ብዙ ፈረስ፣ ብዙ ወራት አልነበረውም። በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ሠራው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ገበሬዎቹን ያያል፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል፤ ገበሬዎቹ ያርሳሉ። እረኛዋ ልጅ የጌታዋን ላም ከጎርፍ ላድን ስትል ወንዝ ይወስዳታል። የላሚቱ ዋጋና የልጅቱ ዋጋ በአንድ ውሃ ውስጥ ተመዘነ ማለት ነው። እዚህ የሚያድን ሰባት ሰው አይመጣም። ባለርስቱን በመጨረሻ የሚመታው መሬቱን የተነጠቀውና እንደ እብድ የሚቆጠረው ሰው ነው፤ ማለቴ፣ ከመካከላቸው የወጣ ሰው እንጂ ከውጭ የተቀጠረ አይደለም።

ሁለቱን ፊልሞች ስናስተያይ ማናቸውንም ያለ ነቀፌታ መተው ተገቢ አይደለም። የኃይሌ ባለርስት ክፋቱ ብቻ ነው የሚታየን፤ ገበሬውም መከራው። የኩሮሳዋ ገበሬ ግን ይሰርቃል፣ ይፈራል፣ ይሥቃል፣ ይገድላል፤ ስለዚህም ሰው ነው። በዚህ ኩሮሳዋ ይበልጣል። ነገር ግን የኩሮሳዋ መንደር ሰባቱ ካልመሩት በቀር ጦር ማንሣት የማይችል ሕዝብ ነው። በዚህ ደግሞ የእኛው ሰው ይበልጣል። ሌላም ጉድለት አለ፦ ያን ሁሉ ሩዝ ያበሰለችው ሴት የት አለች? ልጇን የገደሉባት አሮጊት መጥረቢያ መሳይ መቆፈሪያዋን ይዛ የተማረከውን ሽፍታ ልትበቀል ስትመጣ ለአንድ አፍታ እናያታለን። ከዚያ ውጭ ሴቶቹ የሚደበቁና የሚያለቅሱ ናቸው። የአያቴን ጥያቄ የጠየቀው ፊልም የሴት አያቴን ጥያቄ ረስቶታል።

ኃይሌ በ2008 «ጤዛ»ን ሲሠራ ይህን ሁሉ ያሰበበት ይመስለኛል። ከውጭ አገር የተመለሰው ምሁር አንበርብር የእናቱ መንደር ተቀምጦ፣ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆችን ያያል። የተማረው ሰው እዚያ መሪ አይደለም፤ የሚያደርገውን ያጣ እንግዳ ነው።

ይህም ወደ ራሳችን ያመጣኛል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ሰባቱ ሳሙራይ እኛው ነን ብለው ሳይሆን አይቀርም የሄዱት። ከነፍሳቸው የሰጡ ነበሩ፤ የሚናቁ አይደሉም። ግን በሩን ዘግቶ፣ ልጁን ደብቆ በቀዳዳ ያያቸው ገበሬ ጨለምተኛ ስለ ሆነ ነውን? ወይስ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ልምድ ስላለው?

እኔ ግን አሁን ሳየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካምቤይን አይመስልም። የሚመስለው ኪኩቺዮን ነው። ኪኩቺዮ የገበሬ ልጅ ነው። ሳሙራይ ለመባል የሌላ ሰው የትውልድ ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይዞራል፤ ወረቀቱ ሲነበብ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ሰው ሁሉ ይሥቅበታል። እኛም ወረቀት ለመያዝ መጥተናል። ወረቀቱን ስንይዝ የአውድማውን ቋንቋ እናፍርበታለን፤ «ገጠሬ» የሚለውን ስድብ ከሁሉ ቀድመን የምንሳደብ እኛው ነን። ኪኩቺዮም ገበሬዎቹን ከሁሉ አብልጦ የሚሳደብ እርሱ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሲቃጠል ግን በጦር ከተወጋችው እናት እጅ ሕፃኑን ተቀብሎ ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ ይኸ ሕፃን እኔ ነኝ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ እያለ ያለቅሳል። በመኝታ ክፍላችን ስናይ ይህ ቦታ ሲደርስ ማንም አልፎከረም። ዘጠኛችንም ዝም አልን። ያን ዝምታ ያኔ አልመረመርኩትም።

እንግዲህ ክርክራችንን እንዲህ እዘጋዋለሁ። ፎካሪው ጓደኛዬ ተሳስቷል፤ ከሰባቱ የሞቱት አራቱ ሁሉ የሞቱት በጠመንጃ ጥይት ነው፤ ያን ሁሉ የሰይፍ ጥበብ አንድ ጥይት ከሩቅ ጣለው። ፊውዳል አሞጋሽ ነው ያለውም ተሳስቷል፤ የፊልሙ መጨረሻ ምስክር ነው። የተረፉት ሦስቱ ከአራቱ መቃብር ሥር ቆመዋል። ገበሬዎቹ በከበሮና በዘፈን ሩዝ ይተክላሉ። ከሳሙራዮቹ ታናሹን የወደደችው ልጅ በአጠገቡ አልፋ ወደ ማሳው ትገባለች። ካምቤይም ያሸነፉት እነርሱ እንጂ እኛ አይደለንም ይላል።

ይህን መጨረሻ ለአያቴ ስነግራቸው ገለባውን በላይዳ እያነሡ ነበር። የሚያደንቁ መስሎኝ ጠበቅሁ። «ታዲያ ምን ያድርጉ፣ የዘር ጊዜ ነዋ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም በሬዎቹን ልነዳ ተነሣሁ።

ለፋሲካ ስሄድ ኮምፒውተሩን ይዤ እሄዳለሁ፤ ፊልሙን አያቶቼ በዓይናቸው ይዩት። ሴት አያቴ የሚሉትን ደግሞ በሚቀጥለው እትም ለመጻፍ አስባለሁ። እስከዚያው ከዘጠኛችን ውስጥ የማይስማማ ካለ ገጹ ክፍት ነውና ብዕሩን ያንሣ፤ በተለይ አልጋ የደበደበው።